ሞተሩ ለምን ይፈላል? ኤሲውስ ለምን ሙቅ ይነፋል? በመተማ መንገድ የሚነዳ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ

ሙቀቱን እንዴት ይዛችሁታል?

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ወደ መተማ ዮሐንስ፣ ገንዳ ውሃ ወይም ቋራ የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ያልፋል። ሰው ጥላ ይፈልጋል፣ ከብትም ዛፍ ስር ይሰበሰባል። መኪና ግን ጭነቱን እንደያዘ መንገዱን መግፋት አለበት። ከመንገድ ዳር ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት የሚተፋ መኪና ማየት የተለመደ የሆነውም ለዚህ ነው።

ዛሬ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛው፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን (ቬንትሌተር) መበላሸቱ በምን ይታወቃል? ሁለተኛው፣ ኤሲው ማቀዝቀዝ ሲያቆም ችግሩ የት ነው የሚፈለገው? ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ግን ጎረቤት ናቸው። አንዱ ሲታመም ብዙ ጊዜ ምልክቱ ሌላኛው ላይ ይታያል።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም

ከጎንደር መተማ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። ሪፈር የተባለ በሽተኛ ከቆላው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ሰሊጥና ጥጥ የሚወጣው፣ የቀን ሠራተኛ የሚመላለሰው በዚሁ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህም ድንበር ተሻግረው የመጡ ብዙ ቤተሰቦች አልፈውበታል።

በዚያ ላይ መንገዱ ላይ መቆም በራሱ አደጋ አለው። በጎንደር–መተማ መስመር ሰዎች እየታገቱ ገንዘብ እንደተጠየቀባቸው ባለፉት ዓመታት በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ሌላ ቦታ መኪና ፈልቶ መቆም የአንድ ሰዓት መዘግየት ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ማንም በገዛ ፈቃዱ ሰው በሌለበት ቦታ መቆም አይፈልግም። አንድ የተቃጠለ ፊውዝ ጠዋት ጋራዥ ውስጥ ቢገኝ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ ዳገት መሃል ሲገኝ ግን ሌላ ታሪክ ይሆናል።

ቆላ ላይ ሞተር ለምን ይቸገራል?

ቀላል ስሌት እንሥራ። ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ጉልበት ሲሶው ገደማ ብቻ ነው ጎማ የሚያዞረው። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫ ይወጣል። የቀረው ሲሶ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባና ራዲያተሩ ለነፋሱ እንዲያስረክበው ይጠበቃል።

ራዲያተር ሙቀት የሚጥለው በራሱና በውጭው አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ልክ ነው። ውሃው 95 ዲግሪ፣ የጎንደር አየር ደግሞ 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 75 ነው። ያው መኪና መተማ ላይ 42 ዲግሪ አየር ሲያገኝ ልዩነቱ ወደ 53 ይወርዳል። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ቢሆን፣ ራዲያተሩ ከ10 እጅ 3 እጅ የሚሆነውን አቅሙን አጣ ማለት ነው። ምንም ሳይበላሽ! ስለዚህ ጎንደር ከተማ ውስጥ ችግሩ ሳይታይ የከረመ መኪና ቆላ ሲወርድ ጉዱ ይወጣል።

ከዚያ ደግሞ መመለስ አለ። መተማ ዮሐንስ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጎንደር ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ወደ አይከል ሲወጣ መኪናው ጭነት ይዞ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በቀስታ ይጎተታል። ሞተሩ ብዙ ሙቀት ያመርታል፤ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ግን ትንሽ ነው። ይህን ጊዜ ሥራው ሁሉ ፋኑ ላይ ይወድቃል። ኬላ ላይ ለፍተሻ ሞተር ሳይጠፋ ሲቆምም እንደዚያው።

ሌላም አለ። ውሃ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ቶሎ ይፈላል፦ መተማ ላይ 98 ዲግሪ ገደማ፣ ጎንደር ላይ 93 ገደማ። መኪናን ከዚህ የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ እንዳይፈላ ያደርጋል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ግፊቱን ይለቀዋል። ያኔ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ መኪናው ዳገቱ ላይ ይፈላል። ብዙ ሰው ራዲያተር አስቀይሮ፣ ፖምፓ አስቀይሮ፣ ክዳኑን ግን ያንኑ አሮጌውን መልሶ ይገጥመዋል።

መጀመሪያ ይሄን ጠይቁ፦ መቼ ነው የሚሞቀው?

ጥሩ መካኒክ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል። እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ።

ቆሞ ወይም በቀስታ ሲሄድ ይሞቃል፣ ፍጥነት ሲጨምር ይቀዘቅዛል? ጥርጣሬው ፋኑ ላይ ነው። ሲሮጥ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራለታልና።

ቆሞ ደህና ነው፣ ሲሮጥ ወይም ዳገት ሲወጣ ግን ይሞቃል? ፋኑን ለጊዜው ተዉት። የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ የውሃ ፖምፓ፣ በደንብ የማይከፈት ቴርሞስታት ወይም የላላ ቺንጋ ፈልጉ። በባለ ቺንጋ ፋን መኪኖች ግን የደከመ የፋን ክላችም በዳገት ላይ ይኼንኑ ምልክት ሊሰጥ ይችላል።

የትም ቢሆን በየጊዜው ውሃ ይጎድላል፣ ግን ከስር የሚንጠባጠብ የለም? ማኒኮቶዎቹን ካያችሁ በኋላ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተጠርጣሪ ነው። የዘይት መክፈቻው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ወይም ከጭስ ማውጫው የማይቋረጥ ነጭ ጭስ ካያችሁ መንገድ አትጀምሩ።

ኤሌክትሪክ ፋን አልዞር ሲል

እንደ ቪትዝና ኮሮላ ያሉ ትንንሽ የቤት መኪኖች ፋናቸው በኤሌክትሪክ ሞተር ይዞራል። በአብዛኞቹ ላይ ውሃው ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ባለው መሃል ሲደርስ ፋኑ ይነሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይቆማል። ምርመራው በቅደም ተከተል ይሂድ።

ከሁሉ በፊት ግን ማስጠንቀቂያ፦ ሞተር ጠፍቶም ቢሆን ይሄ ፋን በድንገት ሊነሳ ይችላል። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ።

1. ኤሲ ክፈቱ። ሞተር አስነስታችሁ ኤሲውን ስትከፍቱ በአብዛኞቹ መኪኖች ፋኑ አብሮ ይነሳል። በኤሲ ተነስቶ በሙቀት ብቻ የማይነሳ ከሆነ የፋኑ ሞተር ደህና ነው፤ የሙቀት ሴንሰሩንና ሽቦውን ተጠራጠሩ። ሁለት ፋን ያለው መኪና ላይ ግን ሁለቱንም ለየብቻ እዩ።

2. ፊውዝና ሪሌይ። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የትኛው የፋን እንደሆነ ተጽፏል። ሪሌዩን ከክላክስ ሪሌይ ጋር (አንድ ዓይነት ከሆኑ) አቀያይሩት። ፋኑ ከተነሳ በሽታው ተገኘ። ፊውዙ ተቃጥሎ ካገኛችሁት ቀይሩት፤ ወዲያው እንደገና ከተቃጠለ ግን ከፍ ያለ ፊውዝ አትግጠሙ። አንድ ነገር ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ እየጎተተ ነው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ሊቆም የተቃረበ የፋን ሞተር ነው።

3. ቀጥታ መብራት ስጡት። የፋኑን ሶኬት ንቀሉና በፊውዝ በኩል ከባትሪው 12 ቮልት ስጡት። ካልዞረ ሞተሩ ሞቷል። በደካማው ከዞረ ካርቦኑ ወይም ኩሽኔታው አልቋል።

4. አቅጣጫውን እዩ። ይሄ የሚረሳ ነገር ነው። ፋኑ ተፈትቶ ሲገጠም ሽቦው ተገላብጦ ከታሰረ በተቃራኒው ይዞራል። ድምፁ ይሰማል፣ ሲታይም ይዞራል፣ መኪናው ግን ይፈላል! ከራዲያተሩ ኋላ ባለ ፋን ላይ ከፊት በኩል አንድ ቅጠል ወረቀት ያዙ። ወረቀቱ ወደ ራዲያተሩ መለጠፍ አለበት። ወደ እናንተ ከገፋው ሽቦው ተገላብጧል።

"ዳይሬክት" ስለማድረግ አንድ ነገር እንበል። ሴንሰሩ ሲበላሽ ፋኑን በቀጥታ ከቁልፍ ጋር አስሮ ሁልጊዜ እንዲዞር ማድረግ በየጋራዡ የተለመደ ነው። መንገድ ላይ ለማምለጥ ይሆናል። ግን ያለ ፊውዝና ያለ ሪሌይ በቀጭን ሽቦ ከታሰረ ሽቦው ይግላል፣ እሳትም ያመጣል። ለማደሪያ እንጂ ለመኖሪያ አይሁን።

በቺንጋ የሚዞር ፋን

አይሱዙ፣ ላንድክሩዘርና አብዛኞቹ ከባድ መኪኖች ፋናቸው በሞተሩ ጉልበት ነው የሚዞረው። መሃሉ ላይ ውስጡ ወፍራም ዘይት ያለው ክላች አለ። ሲሞቅ አጥብቆ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይላላል። ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ስታዞሩት ትንሽ መጎተት አለበት። እንደ መንኮራኩር ብቻውን ብዙ ዙር ከዞረ ወይም መሃሉ ላይ የዘይት ርጥበት ካለ ደክሟል።

ቺንጋውንም እዩ። የተሰነጠቀ ወይም የሚያፏጭ ከሆነ ቀይሩ። በብዙ መኪና ላይ ያው ቺንጋ የውሃ ፖምፓውንም ስለሚያዞር ሲበጠስ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይቆማሉ። ፋኑን ከራዲያተሩ ጋር የሚያገናኘው የፕላስቲክ ከለላ ተሰብሮ ከተጣለም መልሱት። ያለ እሱ ፋኑ አየሩን የሚስበው ከጎን እንጂ በራዲያተሩ ውስጥ አይደለም።

ወደ ኤሲው እንምጣ

ኤሲ ቅዝቃዜ አያመርትም፤ ከጋቢና ውስጥ ሙቀት ቀምቶ ውጭ ይጥላል። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቃል፣ ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ለነፋስ ይሰጣል፣ ዳሽቦርድ ስር ያለው ኢቫፖሬተር ደግሞ ይቀዘቅዛል። ኮንደንሰሩ በአብዛኞቹ መኪኖች የት ነው ያለው? ከራዲያተሩ ፊት ለፊት። ጎረቤት ናቸው ያልነው ለዚህ ነው። ኤሲ ሲከፈት ራዲያተሩ የሚያገኘው ኮንደንሰሩን አልፎ የሞቀ አየር ነው። ፋኑ ከደከመ ሁለቱም ባንድ ላይ ይታመማሉ።

ምልክቶቹ እነሆ፦

ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ኬላ ላይ ሲቆም ሙቅ ይነፋል። ጋዝ ከመሙላታችሁ በፊት ፋኑንና የኮንደንሰሩን ንጽህና እዩ። "ጋዝ አልቋል" ተብሎ በዚህ ላይ ጋዝ ቢጨመር ግፊቱ ይበልጥ ከፍ ይልና ኮምፕሬሰሩን ይጎዳል።

ኮምፕሬሰሩ በየጥቂት ሰከንዱ ቀጭ እያለ ይያያዛል፣ ይለቃል። ብዙ ጊዜ የጋዝ ማነስ ነው።

ጭራሽ አይያያዝም። ፊውዝ፣ ሪሌይ ወይም የኮምፕሬሰሩ ክላች ሊሆን ይችላል። ጋዙ ሙሉ በሙሉ ወጥቶም ከሆነ የግፊት መቆጣጠሪያው ሆን ብሎ ያቆመዋል።

አየሩ ቀዝቃዛ ነው ግን ደካማ ነው። የጋቢና ፊልተሩን አውጡ። የቆላ አቧራ በአንድ በጋ ይደፍነዋል። መጀመሪያ ጥሩ ነፍቶ ከቆየ በኋላ ከደከመ፣ ትንሽ አጥፍታችሁት ሲመለስ ደህና ከሆነ፣ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እየሠራ ነው።

ቀላል ፍተሻ፦ ኤሲው ሲሠራ ሁለቱን ቱቦዎች ከሞተሩ ማዞሪያዎች ርቃችሁ በጥንቃቄ ንኩ። ወፍራሙ ቀዝቅዞ ማላብ፣ ቀጭኑ መሞቅ አለበት። ልዩነት ከሌለ ጋዝ የለም ወይም ኮምፕሬሰሩ አይጨምቅም። ከመኪናው ስር ንጹሕ ውሃ ቢንጠባጠብ ግን አትደንግጡ፤ ከአየሩ የወጣ ርጥበት ነው።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልን። የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ስለሆነ በየዓመቱ የሚያስሞላ ሰው ማፍሰሻ ያለበት ሰው ነው። መጋጠሚያዎች ላይ ቅባት የያዘ አቧራ ፈልጉ፤ ማፍሰሻው እዚያ ነው። ሳይደፈን ጋዝ መሙላት ገንዘብን ወደ አየር መልቀቅ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ያለው አር 134 ኤ የሚባለው ጋዝ ደግሞ ሲወጣ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ይበልጣል። የማብሰያ ጋዝ ልሙላላችሁ የሚል ካጋጠማችሁም እምቢ በሉ። ይቀጣጠላል።

ሦስት የተለመዱ አባባሎች

"ቆላ ላይ ቴርሞስታት አያስፈልግም፣ አውልቀው።" ይሄ ብዙ ሞተር ገድሏል። ቴርሞስታት ሲወጣ ደጋ ላይ ሞተሩ በቂ ሙቀት አያገኝም፤ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎ ያልቃል። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው በራዲያተሩ ሳያልፍ የሚዞርበትን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። እሱ ከወጣ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር ከውሃው የተወሰነው ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። እንዲቀዘቅዝ ብላችሁ ያወጣችሁት ነገር ያፈላዋል።

"ኩላንት በረዶ ላለበት አገር ነው።" አይደለም። ኩላንት የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንም ይከላከላል። የጉድጓድና የወንዝ ውሃ ማዕድን ስለሚይዝ ራዲያተሩ ውስጥ እንደ ጀበና ቅርፊት ይሠራል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ቢቀላቀል ጥሩ ነው።

"ኤሲ የሀብታም ነገር ነው።" በ42 ዲግሪ ከሰዓታት ጉዞ በኋላ የሹፌሩ ትኩረት ይደክማል። ጋቢና ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም በሽተኛ ካለ ነገሩ ይብሳል። ኤሲ ኖረም አልኖረም ደግሞ ሕፃንን በቆመ ዝግ መኪና ውስጥ ለደቂቃም አትተዉ።

ዳገት ላይ ጌጁ ከወጣስ?

መርፌው መውጣት ሲጀምር ኤሲውን አጥፉ። መስኮት ክፈቱ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱት። አዎ፣ በዚያ ሙቀት! ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ማሞቂያው ቀዝቃዛ ከነፋ ግን ውሃ አልቋል ማለት ነው። ማርሽ ቀንሱ፣ ሞተሩን አታስጨንቁት።

መርፌው ቀዩን ከነካ ወይም እንፋሎት ካያችሁ በተቻለ መጠን ሰውና መኪና ባለበት ቦታ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። ከዚህ በኋላ "ትንሽ ልግፋው" ማለት ቴስታታ ማጣመም ነው። ክዳኑን በፍጹም አትንኩ። ግፊት ውስጥ ያለው ውሃ እንደተከፈተ ፊትና እጅ ላይ ይፈነዳል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ የላይኛው ማኒኮቶ በእጅ ሲጨመቅ ከለሰለሰ በኋላ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። ሲበርድ ሞተሩን አስነስታችሁ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ።

ለባጃጅ ልጆች፣ ለኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶችም

አብዛኞቹ ባጃጆች ራዲያተር የላቸውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ስለዚህ በሞተሩ የብረት ክንፎች መሃል የደረቀ ጭቃ መኖር ራዲያተር ከመደፈን እኩል ነው። ክረምት አልፎ ጭቃው ሲደርቅ አጽዱት፣ የዘይቱንም ልክ ጠብቁ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዟል። በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች የጋቢናው ኤሲ ባትሪውንም ያቀዘቅዛል። ኤሲው ሲበላሽ መኪናው ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ቻርጅም በዝግታ ይይዛል። እዚያ ላይ ኤሲ የሞተሩ አካል ሆኗል ማለት ይቻላል።

ከመውረዳችሁ በፊት የ10 ደቂቃ ፍተሻ

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ውሃውን እዩ። የክዳኑን ላስቲክ እዩ። ማኒኮቶዎቹን ጨምቁ፤ የሚሰነጠቅ ካለ ቀይሩ። ቺንጋውን እዩ። ኤሲ ከፍታችሁ ፋኑ መነሳቱን አረጋግጡ። ከዚያ ኤሲውን አጥፍታችሁ፣ በቆመበት ሞተሩን አሙቁትና ፋኑ ራሱ ሲነሳና ሲቆም ተመልከቱ። በራዲያተሩና በኮንደንሰሩ መሃል የገባ ገለባ፣ ነፍሳትና አቧራ ካለ በለዘበ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት እጠቡት። በኃይለኛ ማጠቢያ አትምቱት፤ ክንፎቹ ይታጠፋሉ። ቢያንስ 10 ሊትር ውሃ፣ ተጨማሪ ቺንጋ፣ አንድ ሪሌይና ጥቂት ፊውዞች ይያዙ። ከመጠጥ ውሃው ውጭ ማለታችን ነው!

ይሄ ሁሉ ከአንድ የቴስታታ ሥራ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ዳገት መሃል ከመቆም ጋርማ ጭራሽ። በዚህ መስመር የሚነዳ ወንድም፣ አባት ወይም ጓደኛ ካላችሁ አስተላልፉለት። እናንተ የምታውቁት ሌላ ምልክት ካለም ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለሌላው ሹፌር ይጠቅማል።

መልካም መንገድ!